እግር ማንሳት ብቻውን ምርመራ አይደለም

ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲመጡ ብዙ ጊዜ ትልቅ የኤምአርአይ ፖስታ ይዘው ነው። ገና ሳይቀመጡ «ዲስኬ ተንሸራቷል አሉኝ» ይላሉ፤ ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው። ሌላው ደግሞ «ነርቬ ተቆንጥጧል፣ ዕቃ እንዳታነሳ ተብያለሁ» ይላል። ባለሙያው አልጋ ላይ ያስተኛቸዋል። እግራቸውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳና «ያምዎታል?» ይላል። «አዎ!» ካርዱ ላይ «ፖዘቲቭ» ይጻፋል። በቃ፣ አለቀ።

እኔም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ይህ አሠራር በጣም ያሳስበኛል። ምርመራው ራሱ ግሩም ነው። መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ ገጠር ጤና ጣቢያም ሆነ ከተማ ሆስፒታል እኩል ይሠራል። በግማሹ ሲሠራ ግን ሰውን የሌለበትን በሽታ አሸክሞ ይልካል።

እግር ሲነሳ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከታችኛው አከርካሪ ከሚወጡ ሥሮች ተሰባስቦ፣ በመቀመጫ በኩል አልፎ፣ በጭን ጀርባ ይወርዳል። ቅርንጫፎቹ እስከ እግር ጣት ይደርሳሉ። ነርቭ ቦታው ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነገር አይደለም። እንደ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ በመንገዱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፣ ትንሽም ይለጠጣል። ጎንበስ ስንል ህብለሰረሰሩ የሚያልፍበት ቦይ ወደ ኋላ ከተለጠጥንበት ጊዜ ይልቅ ከ5 እስከ 9 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ጤነኛ ነርቭ ይህን ሁሉ ችሎ ዝም ይላል። ዲስክ የተጫነው ወይም ዙሪያው የተቆጣበት ነርቭ ግን ገና በትንሹ ሲሳብ ይጮኻል።

ይህን ቀድሞ የተረዳው ላዛር ላዛሬቪች የሚባል የቤልግሬድ ሐኪም ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ህመሙ የሚመጣው ነርቩ ስለሚለጠጥ መሆኑን ጻፈ። በዓመቱ ፓሪስ ላይ የሻርል ላሴግ ተማሪ የነበረው ፎርስት ስለዚሁ ምልክት የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ። እሱ ግን ጥፋተኛው ነርቩን የሚጫነው የጭን ጡንቻ ነው ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ምርመራው የሚጠራው በላሴግ ስም ነው። ላዛሬቪች የጻፈው በሰርብኛ ስለነበር ሰሚ አጣ። በገዛ ቋንቋው ለሚጽፍ ባለሙያ ይህ ታሪክ ያንገበግባል።

የፎርስት ጥያቄ ግን ዛሬም አልጋው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። ያመመው ጡንቻው ነው ወይስ ነርቩ? እግር ቀጥ ብሎ ሲነሳ ቋንጃም ይሳባል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ምንም ሳይኖርበት 60 ዲግሪ ላይ «ኧረ በቃ!» ሊል ይችላል። ስለዚህ «አመመኝ» ማለቱ ብቻ ምንም አይነግረንም። መልሱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ባለው እርምጃ ነው። የሚዘለለውም እሱ ነው።

ተቀምጦ የሚደረገውን ዓይነት ላሳያችሁ። አንዲት እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፣ ጀርባቸውን አጉብጠዋል፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተዋል። የሚያማቸውን እግር ከጉልበት ቀስ እያሉ ይዘረጋሉ። ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ይቆማሉ።

«እህ! ጭኔ ጀርባ ላይ ያዘኝ።»

«እማማ፣ ቤት ሆነው የሚያስቸግርዎት ህመም ይኸው ነው?»

«እሱው ነው የኔ ልጅ።»

«እግርዎ እንዳለ ይቆይ። አንገትዎን ብቻ ቀና ያድርጉልኝ።»

ቀና ሲሉ ፊታቸው ይፈታል። «ለቀቀኝ!» እግራቸው ንቅንቅ አላለም።

ከአንገት ተነስቶ ጭን ጀርባ የሚደርስ ጡንቻ የለም። ከአንጎል እስከ እግር ጣት ሳይቋረጥ የሚሄደው የነርቭ ሥርዓቱ ነው። ርቆ ያለው አንገት ሲንቀሳቀስ ጭን ላይ ያለው ህመም ከተለወጠ ነርቩን እንጠረጥራለን። ካልተለወጠ ቋንጃውን፣ ዳሌውን፣ የወገብ መገጣጠሚያውን እንፈትሻለን። አልጋ ላይ ተኝተው ሲመረመሩም እንዲሁ ነው። ህመሙ የጀመረበት ላይ ሲደርስ እግሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ህመሙ ይጠፋል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ወደ ላይ ይታጠፋል። ህመሙ ተመለሰ? የጤነኛው እግርስ እንዴት ነው? የመጣው ስሜት ሰውየው የሚያውቀው፣ እንቅልፍ የነሳው ህመም ነው ወይስ እንግዳ ነገር? ይህ ሳይጠየቅ «ፖዘቲቭ» ብሎ መጻፍ ግምት ነው።

ለእጅም ተመሳሳይ ምርመራ አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአውስትራሊያው ፊዚዮቴራፒስት ሮበርት ኤልቪ ያዳበረው ነው። ትከሻ ወደ ታች ተይዞ፣ ክንድ ወደ ጎን ወጥቶ፣ የእጅ አንጓና ጣቶች ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ክርን ይዘረጋል። በዚህ አኳኋን ጤነኛ ሰውም ክንዱን ይስበዋል፣ ጣቱን ይነዝረዋል። እዚህ ላይ የችኮላ «ፖዘቲቭ» ከእግሩም ይብሳል።

ቁጥሮቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ እግር የማንሳት ምርመራ የዲስክ መንሸራተት ካለባቸው 100 ሰዎች 91ዱን ይይዛል። የሌለባቸውን ግን በትክክል «የለባችሁም» የሚለው ከ100 ለ26ቱ ብቻ ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው ለቀዶ ሕክምና በታጩ ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሆኖም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ምንም ሳያም ሲቀር ነው፤ ያኔ ጥርጣሬው በጣም ይቀንሳል። ጤነኛው እግር ሲነሳ የታመመው እግር ካመመ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ የሚታየው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ሲታይ ግን ዲስኩን አጥብቀን እንጠረጥራለን።

«ኤምአርአዩስ?» ይሉኛል። ኤምአርአይ የሚያሳየው ቅርጽ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ምንም ህመም የሌላቸውን ሰዎች ፎቶ አይቶ ነበር። ዲስካቸው ወጣ ብሎ የተገኘው በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት ዕድሜ 84 በመቶ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ነገር ከሰውየው ህመም ጋር የሚያገናኘው የእጅ ምርመራው ነው። እሱ ሳይሠራ ፎቶ ማንበብ ጤነኛን ሰው ማስደንገጥ ነው። ቤት ሸጦ ለመታከም የሚያስብ ቤተሰብ ባለበት አገር ድንጋጤው ቀላል አይደለም።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ይህ ምርመራ የሚነግረን ነርቩ ለመነካት ምን ያህል ስሱ እንደሆነ ነው። መልእክት በደንብ ማስተላለፉን አይነግረንም። እሱን ለማወቅ ቆዳው ይነካል፣ የጣቱ ጉልበት ይለካል፣ ጉልበትና የተረከዝ ጅማት በትንሽ የሐኪም መዶሻ መታ ይደረጋል። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ የደነዘዘው፣ ሁለቱም እግሮቹ እየዛሉ የመጡ ወይም እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ አልነሳ ያለው ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው፤ ያውም ዛሬውኑ።

ነርቩን ከጡንቻ አለመለየት የሚያመጣው ጣጣ ሕክምናው ላይ ይወጣል። «ቋንጃህ አጥሯል» ተብሎ በየቀኑ እግሩን እያሳሳበ የባሰበት ሰው ብዙ ነው። ጂም ውስጥም፣ ወጌሻ ቤትም፣ ክሊኒክም ይህ ይደረጋል። ነርቭ ደም ይፈልጋል። በጥንቸል ላይ በተሠራ የታወቀ ሙከራ ነርቩ ከርዝመቱ 8 በመቶ ሲለጠጥ የደም ዝውውሩ መቀነስ ይጀምራል፤ ወደ 15 በመቶ ሲደርስ ይቆማል። የተቆጣን ነርቭ አጥብቆ ይዞ መሳብ ለዚህ ነው የማይመከረው። ይልቅ በአንድ ጫፍ እየለቀቁ በሌላው መሳብ፣ ማለትም ጉልበቱ ሲዘረጋ አንገትን ቀና ማድረግ፣ ነርቩን ብዙ ሳይለጥጥ ያንቀሳቅሰዋል። መርማሪውም ቢሆን ህመሙን ካገኘ በኋላ መደጋገም የለበትም። የተነካካ ነርቭ ማታ ነው የሚበቀለው።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ካርዱ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ አትጻፉ። «ግራ እግር፣ 40 ዲግሪ፣ የተለመደው የባት ህመም፣ አንገት ቀና ሲል ረገበ፤ ቀኝ እግር 75፣ የቋንጃ መሳብ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ነው። ለታካሚውም አንብቡለት። ከዲስክ የሚነሳ የእግር ህመም በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀለለ እንደሚሄድም ንገሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ያ 40 ወደ 55 ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ መሻሻሉን እሱም እናንተም በቁጥር ታዩታላችሁ።