ናፍጣ የምትጠጣው አህያ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ የቅቤ ዋጋ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ምን ላርግ ጋሼ፣ ነዳጅ ጨመረ እኮ!» ቅቤው ከገጠር የመጣው በአህያ ጀርባ ነው። አህያዋ ገለባ በልታ የወንዝ ውኃ ጠጥታ ነው የደረሰችው። ነጋዴው ግን ፊቱን አጨፍግጎ አንዴ «ነዳጅ» ካለ መከራከር ነውር ነው። ጸጉር ቆራጩም ይላታል፤ ልብስ ሰፊውም ሲንጀሩን በእግሩ እየረገጠ ይላታል። በየካቲት 1966 ቤንዚን ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ከሌላው ብሶት ጋር ተደማምሮ ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ። ያቺ ዙፋን የነቀነቀች ቃል ዛሬ የሱሪ ማሳጠሪያ ማስወደጃ ሆናለች።

እስቲ ናፍጣ በእርግጥ የሚነካውን ነገር እንቁጠር። 100 ኩንታል ጤፍ የጫነ መኪና ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከደጀን ዓባይ በረሃ ይወርድና ወደ ጎሃ ጽዮን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ነዳጁን የሚጠጣው እዚያ ነው። ዳገቱን አስበን በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ብንይዝለት 105 ሊትር ይሆናል። ባዶውን ይመለሳል ብለን ብንደርብለት እንኳ በኩንታል ሁለት ሊትር ገደማ ነው። ናፍጣ በሊትር 10 ብር ቢጨምር ኩንታሉ ላይ የሚያርፈው 20 ብር፣ በኪሎ 20 ሳንቲም ማለት ነው። ጎማውም፣ የሞተር ዘይቱም፣ የፍሬን ሸራውም ተወዷል ካላችሁ እጠፉትና 40 ሳንቲም በሉት። ደላላው ኩንታሉ ላይ መቶዎችን ከምሮ «ነዳጅ ነው» ሲል ግን የቀረውን ማን ነዳው?

ለነገሩ ደላላው ብቻውን አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። አበው የተረቷት በሞኝ ለመሳቅ ነበር፤ ኒውዮርክ ላይ ግን የሰማይዋ ላም ትታለባለች። የወደፊት ውል ይሉታል፤ ወደፊት ለሚረከቡት ዕቃ ዋጋውን ዛሬ መቁረጥ ነው። አንዱ ውል 1,000 በርሜል ድፍድፍ፣ ማለትም ያልተጣራ ነዳጅ ነው፤ በርሜሉ 159 ሊትር ስለሆነ ሦስት ቦቴ ሞልቶ ይተርፋል። ገዢው ሙሉውን አይከፍልም፤ ማስያዣ ያስይዝና ርክክቡ ሳይደርስ ለሌላው ይሸጠዋል። አየር መንገድና ማጣሪያ ነገ ዋጋው እንዳይጎዳቸው ቢዋዋሉ ደግ። ከጎናቸው የተሰለፈው ግን ድፍድፍ ሸትቶት አያውቅም፤ የነዳጅ መርከቦች በሚያልፉበት በሆርሙዝ ሰርጥ አንድ መርከብ ሲያስነጥስ ይገዛል፣ ሌላው ሲገዛ አይቶ ይደግማል። በጁላይ 2008 በርሜሉ 147 ዶላር ደርሶ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከ40 በታች ወረደ። የገንዘብ ቀውሱ ፍላጎቱን ቀንሶታል፣ አይካድም፤ ግን ዓለም በአምስት ወር ውስጥ መኪናውን ሸጦ በቅሎ አልገዛም። ሊያልብ የተሰለፈው ነው አብሮ የሮጠው።

ኤፕሪል 20 ቀን 2020 ደግሞ ላሟ ከነቀንዷ ወረደች። የሜይ ወር ውል ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ኮሮና መኪናውንም አውሮፕላኑንም አቁሞ የውሉ ድፍድፍ የሚረከብባቸው በአሜሪካ ኦክላሆማ የኩሺንግ ማጠራቀሚያዎች ሊሞሉ ተቃርበዋል። ማስቀመጫ የሌለው ባለውል ድፍድፉን «ውሰዱልኝ» ብሎ በበርሜል 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ከኪሱ መረቀ። እኛ የምንገዛው የተጣራውን፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባውን፣ ዋጋውም በመንግሥት የሚቆረጠውን ስለሆነ ምርቃቱ ማርቆስ አልደረሰም። ጭማሪ ሲሆን መንገዱን አያጣውም።

የአገር ቤቱ የሰማይ ላም ያዥ ደግሞ ማደያው ነው። የዋጋ ክለሳ ወሬ ሲናፈስ ማታ «አልቋል» ይባላል፤ ጠዋት በአዲሱ ዋጋ «ገብቷል»። ቦቴ ሲገለበጥ ያየ የለም፤ ዘበኛውን ብትጠይቁ ስለ አየሩ ያወራችኋል! ቤንዚኑ ከመሬት በታች ባለው ታንክ ተኝቶ ሲያድር ነው ዋጋው የጨመረው። በዚያው ሌሊት በጀሪካን የወጣው ደግሞ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ይሰለፋል፣ ያውም ላምባ ተቀላቅሎበት። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፦ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ባጃጁ ይህን ከጠጣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ፒስተኑ ያንኳኳል፤ ጋራዥ የተከፈለውንም ተሳፋሪው ታሪፍ ላይ ያገኘዋል። ያኔም «ነዳጅ ጨመረ» ነው የሚባለው።

ቅቤውን ረሳነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዋጋው ይወርዳል፣ ለፋሲካ ይሰቀላል፤ ናፍጣ ጾመም አልጾመም።

ነዳጅ በእውነት የነካው ሌላ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲወደድ ማዳበሪያው ገና ከፋብሪካው ተወዶ ይወጣል፣ ጎጃም እስኪደርስ መርከብና መኪና ይጨመርበታል፤ ገበሬው የሚከፍለውም በመኸሩ ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ወፍጮው ቀኑን ሙሉ በናፍጣ ነው የሚዞረው፤ ባለወፍጮው ሂሳቡን በሊትር ሊያሳያችሁ ይችላል። እሱ ጥቂት ብር የጨመረ ለታ ግን «ሌባ!» የሚል ጩኸት ከቀበሌው ጫፍ ይሰማል፤ ከጯሂዎቹ መካከልም ቅቤ ነጋዴው አይጠፋም።