የዋንጫው በግ

እኛ ከተማ ኳስ ዱርዬ ያደርጋል ይባል ነበር። እስከዚህ መጋቢት ድረስ ማለት ነው። በመጋቢት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ልጆች ደብረ ማርቆስ ላይ የዞኑን ዋንጫ አነሱና በማግስቱ ኳስ «የወጣቱን ሥነ ምግባር የሚያንጽ ዘርፍ» ሆኖ አደረ። ኳሱ ያው ነው። ልጆቹም ያው ናቸው፤ ጥር ላይ አጥር ዘለው ለልምምድ ሲወጡ ዩኒት ሊደሩ በአለንጋ ያሯሩጣቸው የነበሩት። እሱም አሁን «አካል ብቃታቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ» እያለ ነው። ውሸት ነው ለማለት ግን ይቸግራል።

መጀመሪያ ሜዳውን ላስተዋውቃችሁ። ፊፋ ጎል 7.32 ሜትር ይስፋ፣ 2.44 ሜትር ይቁም ይላል። የእኛ አናጢ የለካው በክንድ ነው። አንዱን ጎል እሱ ለካው፣ ሌላውን ረዳቱ፤ ረዳቱ ደግሞ አጭር ሰው ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው ጎል ጠበብ ይላል፤ ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ከዕረፍት በኋላ ጎል መቀያየር የሚባል ሕግ ባይኖር ኖሮ ዋንጫው ከእጃችን አይወጣም ነበር። ቋሚውም አግዳሚውም የባሕር ዛፍ አጣና ነው። አንድ ጊዜ አግዳሚው ጠፋና ስንፈልገው ለቅሶ ቤት ድንኳን ተሸክሞ አገኘነው። ከሐዘንተኛ ላይ ማን ይነቅላል? ሠልስቱ እስኪወጣ ጨዋታው ተራዘመ።

ኳሷ አንድ ናት። ንብረት ክፍል ተቆልፎባት ነው የምትኖረው፤ የምትወጣው በሞዴል 22 ተፈርሞ ነው። ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ያለበት ቀን ልምምዱ ሩጫ ብቻ ይሆናል። ሰውየው ስብሰባ የሌለበት ቀን ስለማያውቅ ልጆቹ ዘጠና ደቂቃ ሮጠው የማይደክማቸው ለዚህ ነው የሚል አለ።

ወደ ተጫዋቾቹ ስንመጣ፣ በረኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአይሱዙ ላይ ጤፍ ያራግፋል። መቶ ኪሎ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ዝም የሚል ልጅ ኳስ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ምን ይላል? ምንም አላለም። መሀል ተከላካዩ ዲያቆን ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ ጨዋታ ደግሞ ስምንት ሰዓት ይጀመራል። በዕረፍት ሌሎቹ ብርቱካን ሲመጥጡ እሱ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። አጥቂ ጠልፎ ይጥልና ሮጦ ሄዶ፣ እጁን ይዞ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎለት «ይቅር በለኝ ወንድሜ» ይለዋል። ከዚያ ደግሞ ይጠልፈዋል። ዳኛው ቢጫ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ልጁ ላይ የሚያየው ትሕትና አሳፍሮት ባዶ እጁን ይመልሳል።

ሜሲ የሚባሉ ሦስት አሉን። አንዱ በግራ ስለሚመታ፣ አንዱ አጭር ስለሆነ፣ ሦስተኛው ማሊያውን ስለገዛ። ጎል የሚያገባው ግን አራተኛ ልጅ ነው፤ እሱን ሜሲ ያለው የለም። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። ዓርብ ማታ ወደ አገሩ በእግሩ ይወርዳል፣ እሑድ ድርቆሽና ሽሮውን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። የጮቄን ብርድ በቁምጣና በኮንጎ ጫማ ችሎ ላደገ ልጅ ተከላካይ ምን ያደርገዋል። ልጅዎ ዋንጫ በላ ቢሏቸው አባቱ መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ይይዛል?» ብለው ነው።

ታኬታ ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ ተቀያሪ ሲገባ ሁለቱ መስመር ላይ ይቀመጡና ጫማ ይለዋወጣሉ። ወጪው 41፣ ገቢው 38። ካልሲ ይጠቀጠቃል፣ ማሰሪያ ይበጠሳል፣ ይቀጠላል፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ይህ ሁሉ ድህነት ነው ብለን ስናዝን የስፖርት ቲቸራችን ታክቲክ አደረገው። አንድ ለዜሮ ስንመራ፣ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር ይቀይራል። ፍጻሜውን ያሸነፍነውም እንዲሁ ነው። ያ የገጠሩ ልጅ በ38 ቁጥር እግሩ አገባ፣ ቀጥሎ ባለ 41 እግር ተቀያሪ ገባ፤ ታኬታው እግሩ ላይ ሳይወጣ ጨዋታው አለቀ ማለት ይቻላል።

ደጋፊው በሁለት አይሱዙ ተጭኖ ነበር ደብረ ማርቆስ የወረደው። ከተማዋን ዛሬም መንቆረር የሚሉ አዛውንቶች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ደርበው ተሳፍረዋል። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር ደግሞ ዳኛ በቀጥታ አይሰደብም፣ ነውር ነው። አንድ መሪጌታ አጠገቤ ቆመው ሪጎሬ ለከለከለን ዳኛ ሁለት ስንኝ ጣሉለት። ዳኛው ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ከጨዋታው በኋላ፣ ምሳ ላይ መሆኑ ነው፣ ገብቶት እንጀራውን ትቶ ሲፈልጋቸው አይሱዙው ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ያልተዛመደ የለም። «ኳስ ነው የሚያበላህ?» እያለ ደብተር የሚወረውረው የሒሳብ መምህር «እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው ያወቅሁት» ብሎ ንግግር አደረገ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ድሉ የተገኘው ለስፖርቱ ዘርፍ በተሰጠው ልዩ ትኩረት መሆኑን አስረዳ። ልዩ ትኩረቷ በሞዴል 22 የምትወጣዋ ናት። ለአጥቂው ቤት ያከራየችው ሴትዮ ሳትቀር «እኔ ቤት ነው ያደገው» አለች፤ በወሩ መጨረሻ ግን ኪራይ ጨመረችበት፣ ታዋቂ ሆነሃል ብላ።

ጠላ ቤት ደግሞ 1954 ተነሣ። መነሣቱ አይቀርም። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አንሥተናል፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ነበር፣ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ጎል አገባ። ይኼው ከስልሳ ዓመት በላይ ያንኑ እናወራለን። በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ የሚል ልጅ ቢገኝ ጠላው ሳያልቅለት ይባረራል። የእኛም ዋንጫ ቢያንስ የልጅ ልጆቻችን ድረስ ያስወራል ተብሎ ተወሰነ፤ ስንት ትምህርት ቤት ተወዳደረ ብሎ መጠየቅም ከወዲሁ ተከለከለ።

አሁን ወደ በጉ እንምጣ። በአቀባበሉ ቀን አንድ ነጋዴ ለተጫዋቾቹ ሙክት ሸለመ። ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ችግሩ ታየ፤ ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ነን። ይታረድ ማለት አይቻልም። ይሸጥ ቢባል በጾም በግ ማን ይገዛል? እንግዲያው እስከ ፋሲካ ይጠበቅ ተባለ። መጠበቅ ካለ ኮሚቴ አለ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፤ ዩኒት ሊደሩ ሰብሳቢ ሆነ። በጉ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ ከኳሷ ጎን፣ ንብረት ክፍል ጓሮ ታሰረ።

ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን በየዕረፍቱ ሄደው ያዩት ነበር። በረኛው በዓይኑ መዝኖ ለአሥራ ስምንት ሰው ይበቃል አለ፣ ዲያቆኑ እንኳ «ወጡ ላይ ቅቤ ይብዛበት» ብሎ ንስሐ ገባ። ኮሚቴው ግን ሥራ ላይ ነበር። ፉርሽካ ተገዛ። ለፉርሽካው ጋሪ ተከፈለ። ለዘበኛው የትርፍ ሰዓት ታሰበለት፣ በግ ማታ ማታም በግ ነውና። በየሳምንቱ ስለ በጉ አያያዝ ስብሰባ ተቀመጡ፤ ስብሰባ ያለ ሻይ አይሆንም፣ ሻይ ያለ አምባሻ አይሆንም፣ ሁሉም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

በስቅለት ማግስት ሪፖርቱ ቀረበ። ወጪው ከበጉ ዋጋ በለጠ። ስለዚህ በጉ ተሽጦ የራሱን የቀለብ ዕዳ እንዲከፍል በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ማን እንደገዛው ሪፖርቱ አይልም። በፋሲካ ማግስት ሰብሳቢው አጥር ላይ የበግ ቆዳ ተሰጥቶ ያዩ አሉ፤ እኔ አይቻለሁ አልወጣኝም። ከነጋዴዎች በተለቀመ ሳንቲም ለተጫዋቾቹ የምስክር ወረቀት ታተመና በላስቲክ ተለበጠ። የአጥቂው ላይ የአባቱ ስም ከእሱ ስም ቀድሞ ስለተጻፈ፣ በወረቀቱ መሠረት የፍጻሜዋን ጎል ያገቡት አባቱ ናቸው። ሰውየው ወረቀቱን ሲያነቡላቸው ጥቂት አስበው «ኧረ እኔስ የዚያን ቀን ገበያ ነበርኩ» አሉ።

የመጪው ዓመት የበግ ኮሚቴ ከአሁኑ ተመርጧል። ቡድኑ ገና ነው።