መልቀቂያ የማይለመንበት ጨዋታ

እኛ አገር መልቀቂያ ለማውጣት የተመላለሰ ሰው የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዝውውር ሲያይ መጀመሪያ የሚይዘው ቅናት ነው። ተጫዋቹ ኮምፕላያንስ ለሚባለው የዩኒቨርሲቲው የደንብ ማስከበሪያ ቢሮ ኢሜይል ይልካል፤ «ስሜን ፖርታል አስገቡልኝ» ይላል፤ ፖርታል መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስም የሚገባበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ የማስገባት ግዴታ አለበት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ፣ ማኅተሙን የያዘችው ፈቃድ ወጥታለች የለም። ክሊራንስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለም። አሰልጣኙ ቢያኮርፍም ስሙ ይገባል።

ቅናቱ ግን ብዙ አይቆይም። ኖቬምበር ላይ ውድድሩ ሲጀመር አምና በስም በስማቸው ስንጠራቸው ከነበሩት ልጆች ግማሾቹ የሉም፤ የመጡትም ገና እርስ በርስ እየተዋወቁ ነው። ማርች ላይ ቡድን መምሰል ይጀምራሉ፣ ኤፕሪል ላይ ይበተናሉ። ዲቪዥን ዋን በሚባለው ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት እርከን ከ360 በላይ የወንዶች ቡድኖች አሉ፤ በአዲሱ ደንብ አንድ ቡድን የሚይዘው 15 ተጫዋች ነው። በየጸደዩ ስማቸውን ፖርታል የሚያስገቡት ደግሞ ከ2,000 በላይ ናቸው። ከሦስት ተጫዋች ቢያንስ አንዱ ሻንጣውን ሸክፎ ቆሟል ማለት ነው። «ልጅህ የት ነው የሚማረው?» የተባለ አባት «ዘንድሮ ነው?» ብሎ መልሶ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አገር ቤት ሚኒስቴሩ ከመደበው ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር የሕክምና ማስረጃ ይዞ የሚለምን ተማሪ ይህን ቢሰማ ያምናል?

እነሱም ቢሆኑ እስከ ቅርብ ጊዜ እንደኛው ነበሩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ ሌላ አሰልጣኝ ለማነጋገር የራሱን አሰልጣኝ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ አሰልጣኙም «እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ እንዳትሄድ» ብሎ ዝርዝር ያወጣ ነበር። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ በአዲሱ ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ ልምምድ እየሠሩ ሳይጫወቱ መቀመጥ ነበረ። ኦክቶበር 2018 ፖርታሉ ሲከፈት የፈቃዱ ነገር ቀረ። ኤፕሪል 2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ በር ተከፈተ። ዲሴምበር 2023 ሰባት ግዛቶች የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውን ማኅበር ኤንሲኤኤን ዌስት ቨርጂኒያ በሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰው፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተዛወሩትን የሚያግደውን ደንብ አሳገዱ። በተከታዩ ኤፕሪል የጊዜ ብዛት ገደቡ ራሱ ተነሣ። አሁን ትምህርቱን እስካሟላ ድረስ በአራት ዓመት አራት ዩኒቨርሲቲ ይችላል።

ነፃነቱ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። አሰልጣኙ የተሻለ ደሞዝ ሲያገኝ በአንድ ሌሊት እየሄደ ልጁ ብቻ ታስሮ መቅረቱ ግፍ ነበር። የሚያንገበግበው ግን በሩ ሲከፈት ማን ማንን እንደጠቀመ ማየቱ ነው። በ2022 ከጀርዚ ሲቲ የመጣው ትንሹ ሴንት ፒተርስ በማርቹ የጥሎ ማለፍ ውድድር ከምድቡ 16 ቡድኖች 15ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ገብቶ ኬንታኪን፣ መሪ ስቴትንና ፐርዱን አሰናብቶ ከመጨረሻዎቹ ስምንት አንዱ ሆነ። በ15ኛ ደረጃ ገብቶ እዚያ የደረሰ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። አሜሪካ በሙሉ ሲያጨበጭብ ሰነበተ። ወዲያው አሰልጣኙ ሻሂን ሆሎዌይ ሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ተጫዋቹ ኬሲ ንዴፎ ተከትሎት ሄደ፤ ጢሙ ዝነኛ ያደረገው ዳግ ኤደርት ብራያንት ገባ። ማያሚም በ2023 የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገብቶ ሲያበቃ ስምንት ተጫዋቾች ስማቸውን ፖርታል ከተው መሄድን እንደመረጡ አሰልጣኙ ጂም ላራናጋ በ2024 መጨረሻ ውድድር አጋማሽ ላይ ሥራውን ሲለቅ ተናግሯል። በ2024 ጸደይ ጆን ካሊፓሪ ከኬንታኪ ወደ አርካንሶ ሲሄድ አዲሱ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ቡድኑን ላነጋግር ገብቼ ቡድን የሚባል የለም ሲል ቀለደ። ኬንታኪ ላይ የተተካው ማርክ ፖፕም ከአምናው ስብስብ ስኮላርሺፕ ያለው አንድም ተጫዋች አልጠበቀውም።

በ2025 ፍሎሪዳ ሳን አንቶኒዮ ላይ ሂውስተንን 65 ለ 63 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ ከፊት የነበሩት እነማን ናቸው? ዋልተር ክሌይተን ከአዮና፣ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ የመጡ ናቸው። ትንሹ ያሠለጥናል፣ ትልቁ ይወስዳል። በዚያው ዓመት የመጨረሻዎቹ 16 ውስጥ ከአራቱ ሀብታም ሊጎች ውጭ የሆነ አንድም ቡድን አልነበረም። ስቴፈን ከሪ በ2008 ትንሿን ዴቪድሰንን ይዞ እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ሲደርስ በዓመቱም እዚያው ተመልሶ ተጫውቷል። ዛሬ ቢሆን በማግሥቱ አጎቱ ስልክ ላይ ይደወል ነበር።

ስልኩ ነገር አለው። ደንቡ ስሙ ፖርታል ሳይገባ ሌላ አሰልጣኝ ልጁን ማነጋገር ክልክል ነው ይላል። ስለዚህ ልጁ አይደወልለትም፤ የሚደወለው ለኤጀንቱ፣ ለድሮ የክለብ አሰልጣኙ፣ ለዘመድ ነው። አንዳንዱ ስሙን ሲያስገባ «አታነጋግሩኝ» የሚል ምልክት ያስደርጋል፤ የሚሄድበት አልቋል ማለት ነው። ይህ ጨዋታ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ የፕሪሚየር ሊጋችን ክለቦች ስብስባቸውን አፍርሰው ሲሠሩ በደላላ በኩል ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር የማያውቅ ደጋፊ የለም። ልዩነቱ እኛ ጋ የሥራ ውል መኖሩ ነው፤ ደሞዙ ወራት ያልተከፈለው ተጫዋች ልምምድ አቁሞ ፌዴሬሽን ደጅ ቢጠናም ቢያንስ እጁ ላይ የተፈረመበት ወረቀት አለ። ደጋፊውም ማሊያውን ነው የሚከተለው፤ ጊዮርጊስ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ሸኝቷል።

የክፍያ ጣሪያውም ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእኛ ክለቦች የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50,000 ብር አይበልጥም ተባባሉ፤ ቀሪው ከጠረጴዛ ሥር መሄዱን ለአንባቢ ማስረዳት ድፍረት ነው። አሜሪካኖቹም በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ስፖርቶቹ ተጫዋቾች በመጀመሪያው ዓመት የሚያከፋፍለውን 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ላይ ገደቡት። ከውጭ የሚመጣ ከ600 ዶላር ጀምሮ ያለ የማስታወቂያ ክፍያ ይመዝገብ ተባለ። ጣሪያው ሳይደርቅ ጠበቆች ቀዳዳ ሲፈልጉለት ከረሙ። ፈረንጅ ሥርዓት አለው የምንለው ነገር ገንዘብ ሲገባበት እንዴት አገር ቤትን እንደሚመስል!

አሁን ልጃቸው እዚህ ደረጃ የደረሰ የሐበሻ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው፣ ማንም በአማርኛ የማያስረዳቸው ነገር ይህ ነው። ኢሜይሉ አንዴ ከተላከ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ሴሚስተር ማብቂያ ጀምሮ ስኮላርሺፑን መሰረዝ ይችላል፤ ልጁ ሐሳቡን ቢቀይር መልሶ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ስማቸውን አስገብተው ማንም ያልጠራቸው በየዓመቱ አሉ፤ ስለእነሱ ቴሌቪዥን አያወራም።

ክሬዲቱ ደግሞ የባሰ ነው። ልጁ ሦስተኛ ዓመት ሲገባ ከሚማረው ዲግሪ 40 በመቶውን፣ አራተኛ ሲገባ 60፣ አምስተኛ ሲገባ 80 በመቶውን ጨርሶ መገኘት አለበት። ሁለት ዓመት ተምሮ 60 ክሬዲት ይዞ ተዛወረ እንበል። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ የሚፈለግበት 48 ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ለዚያ ዲፓርትመንት 42ቱን ብቻ ከቆጠረለት 6 ይጎድለዋል፤ በሰመሩ ዕረፍት ሁለት ኮርስ ወስዶ ካላለፈ አይጫወትም። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው ያመጣውን ሁሉ ወደሚቀበል ዲፓርትመንት መዛወር ነው። ኢንጂነሪንግ የጀመረ ልጅ ሳያስበው ሌላ ነገር ተመርቆ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጣ ከሆነ በተጨማሪ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛው የሚያወጣለት ቅጽ፣ አይ ትዌንቲው አለ፤ አሮጌው ዩኒቨርሲቲ መዝገቡን በሲስተሙ ላይ ካልለቀቀ አዲሱ ሌላ አያወጣለትም። ይባስ ብሎ በዚያ ቪዛ አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ሠርቶ መቀበል ቪዛውን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል ጓደኞቹ የሚያገኙትን እያየ ይቀመጣል።

ገንዘቡ ለመጣለትም ግብር ያልተቆረጠበትን ገቢ የሚያሳየው ወረቀት፣ ቴን ናይንቲ ናይን ይመጣለታል። ኡበር የነዳ ወገን ይህችን ወረቀት ያውቃታል፤ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ፣ በዓመት አራት ጊዜ በግምት የሚከፈል። የ19 ዓመት ልጅ ግን የተላከለት ሁሉ የራሱ ይመስለዋል፤ ኤፕሪል ላይ መኪናው ይሸጣል። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ማኅበር ኤጀንት ከተጫዋቹ ደሞዝ ከ4 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ኮሌጅ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ ስለሌለ ከ10 በመቶ በላይ የሚጠይቅ አለ። አንዳንዶቹ አዲስ ውሎች ላይ ደግሞ ልጁ ቀድሞ ከሄደ የሚመልሰው ገንዘብ ተጽፏል። መልቀቂያው በጓሮ በር ተመለሰ!

መስኮት የሚሉት የስም ማስገቢያ ጊዜም እየጠበበ ነው። በ2023 60 ቀን ነበር፣ ከዚያ 45፣ ከዚያ 30፤ ለ2026 ከፍጻሜው ማግሥት ጀምሮ 15 ቀን ብቻ ሆኗል። ለፈተና መዘጋጃው ጊዜ ማለት ነው። ረዳት አሰልጣኙ በዚያ ሰሞን እኩለ ሌሊት ላይ «አንድ ቦታ ነው የቀረኝ፣ እስከ ነገ ጠዋት አሳውቁኝ» ሲል ቤተሰቡ ይርበደበዳል። የሚዘጋው ስም ማስገቢያው ነው፤ ስሙ ከገባ በኋላ የት እንደሚፈርም መወሰን ከመስኮቱ በኋላም ይቻላል። ያ ችኮላ የአሰልጣኙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ ደግሞ ስንት ክሬዲት፣ ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቆጠር ከአሰልጣኝ አፍ ሳይሆን ከሬጅስትራር በጽሑፍ ይምጣ፤ ውሉም ላይ የሚመለስ ገንዘብ የሚለው አንቀጽ ሳይነበብ አይፈረም።