አፍንጫችሁን ይዛችሁ የምታልፏቸው ሰዎች

በክረምት ችግኝ ታቅፋችሁ ፎቶ የምትነሱ ወገኖቼ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ሆይ! ዛሬ የምወቅሳችሁ ስለ ችግኝ አይደለም። መትከላችሁን እሰየው ብያለሁ፤ ይጽደቅላችሁ። ወቀሳዬ ከተከላው ስትመለሱ በገዛ ደጃፋችሁ ስለምታደርጉት ነው። ለአረንጓዴ አሻራ ወጥታችሁ የጠጣችሁበትን ሃይላንድ በመኪና መስኮት ወርውራችሁ ወደ ቤታችሁ የምትገቡ ጥቂት አይደላችሁም።

አካባቢ ጥበቃ ሲባል ለብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ባነር የተሰቀለበት አዳራሽ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርትና የሻይ ዕረፍት ነው። እኔ ግን ይህችን ከተማ ሲጠብቁ የማያቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው። ሳይነጋ ወጥተው፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ መኪና በአጠገባቸው እየተወረወረ አስፋልት የሚጠርጉ እናቶች አሉ። ማዳበሪያ በትከሻቸው አንግበው በየበሩ የሚያንኳኩ የጽዳት ማኅበራት ልጆች አሉ። «ቁራሌው!» እያለ ከመንደር መንደር የሚዞረው ወጣት አለ፤ «ልዋጭ!» እያለ ያረጀ ልብስና ጫማችሁን በአዲስ ሳፋ የሚለውጠውም አለ። ረጲ፣ ቆሼ ላይ፣ መኪና የደፋውን ክምር በመቆፈሪያ እያገላበጡ የሚለቅሙም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። ባነር የላቸውም። ከተማይቱ ግን እነሱ አንድ ሳምንት ቢያርፉ መቆሚያ የላትም።

እነዚህን ሰዎች እንዴት እንደያዛችኋቸው ልንገራችሁ። ልጃችሁ ትምህርት ሲሰንፍባችሁ «ቁራሌው ሆነህ ትቀራለህ» ትሉታላችሁ። ጠራጊዋ እናት እንደምን አደራችሁ ስትላችሁ ከአንገት በላይ ትመልሳላችሁ፤ ያውም ከመለሳችሁ። ቁራሌው ግቢ ከገባ የደጃፍ ጫማችሁን ቆጥራችሁ ነው የምታስወጡት። በመካከላቸው ሌባ የለም አልልም፤ ከረባት ካሰሩትስ መካከል ጠፍቶ ያውቃል? የማኅበሩ ልጅ በር ላይ «ቆሻሻ!» ብሎ ሲጣራ፣ ከውስጥ «ቆሻሻዎቹ መጡ» የምትባባሉ ቤቶች አላችሁ። ቆሻሻው የእናንተ፣ ስሙ የእሱ ሆነ።

እስቲ ቁራሌውን ተከተሉት። ከእናንተ በጥቂት ብር የገዛውን ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ሳፋና የዛገ ብረት ተሸክሞ አመሻሽ ላይ ለሚረከበው ነጋዴ ያደርሳል። መንገዱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ድረስ ይወስዳችኋል። እዚያ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቀድዶ በረባሶ ይወጣዋል። ፕላስቲኩ በዓይነትና በቀለም ተለይቶ ይፈጭና ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ብረቱ ማቅለጫ ይገባል። ይህን ሁሉ ያቋቋመ መሥሪያ ቤት የለም። ሰነድ አልተጻፈለትም፣ አበል አልተከፈለበትም፣ የምርቃት ሪባን አልተቆረጠለትም። እናንተ «ጣልኩት» ካላችሁት ነገር ቀኑን ሙሉ በእግሩ ዞሮ እንጀራ የሚያወጣው ሰው፣ ያን ያህል ክብደት በየቀኑ ከወንዝና ከቱቦ እያስቀረ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ከእኔም ከእናንተም ይልቅ ትከሻው ያውቃል።

ቆሻሻችሁን እንዴት እንደምታስረክቡ ደግሞ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ቆጣ ብል ፍረዱልኝ። አንድ ማዳበሪያ አላችሁ፤ ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ ይገባል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተረፈ ወጥ፣ ያለቀ ባትሪ፣ የልጅ ዳይፐር፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጢም ምላጭ፣ ቤት ውስጥ የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ካለም መርፌው። አፉን አስራችሁ ታወጡታላችሁ፤ ከእናንተ በኩል ጉዳዩ አለቀ። ለማኅበሩ ልጅ ግን ገና መጀመሩ ነው። ያን ማዳበሪያ ከፍታ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ጓንት፣ የሚሸጥ ነገር ትፈልጋለች። እጇን የሚቆርጣት ብርጭቆ ከእናንተ ጠረጴዛ የወደቀው ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ለብቻው ማስቀመጥ ስንት ደቂቃ ይወስድ ነበር? መርፌውን ክዳን ባለው ጠርሙስ ማጠራቀም ምን ያስወጣ ነበር? በጓዳችሁ የጠቆረ ድስት ሲታጠብ እጃችሁ እንዳይሻክር የምትጠነቀቁ ሰዎች፣ የሌላ ሰው እጅ ሲደማ ምንም አይመስላችሁም።

ደግሞ አንድ የማታውቁት ወይም ለማወቅ ያልፈለጋችሁት ነገር አለ። ማኅበራቱ የሚከፈላቸው በሰበሰቡት መጠን ነው፤ ከደረቁ ቆሻሻ መካከል ለይተው የሚሸጡት ወረቀት፣ ካርቶንና ፕላስቲክ ደግሞ ለምሳቸው ድጎማ ነው። እናንተ የሽሮውን ትራፊ ካርቶኑ ላይ ስትገለብጡ ያን ድጎማ ከጉሮሯቸው መንጠቃችሁ ነው። ይህንን በክፋት ታደርጉታላችሁ አልልም። ባለማሰብ ነው የምታደርጉት፤ ሳታስቡ መኖር ደግሞ ለምዶባችኋል።

ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርጥብና የሚበሰብስ ነው። ይህ ነገር ተለይቶ ቢቀመጥ ብስባሽ ሆኖ አፈር ያዳብራል፤ ያ የተከላችሁት ችግኝ ከምንም በላይ የሚፈልገው እሱን ነበር። ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ክምር ሥር አየር በሌለበት ሲበሰብስ ግን ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ሙቀት የሚያምቅ፣ እሳትም የሚያስነሳ ጋዝ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ የተመረቀው ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ታዲያ እርጥብ ነገር እንዴት ይነድዳል? ለምድጃችሁ ደረቅ እንጨት መርጣችሁ የምትገዙ ሰዎች ለዚያ ማመንጫ የወጥ ትራፊ ትልኩለታላችሁ።

ቆሼን ካነሳሁ አይቀር መጋቢት 2 ቀን 2009ን እናስታውስ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከመረው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ አለ፤ ሁላችንም አለቀስን። የተደረመሰው ተራራ እግዜር የፈጠረው አልነበረም። ከየጓዳችን፣ ማዳበሪያ በማዳበሪያ፣ እኛው ነን የሠራነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰንዳፋ አካባቢ ሌላ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውን፣ ውኃቸውንና ከብቶቻቸውን አስበው አንቀበልም አሉ፤ ማስወገጃው በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ቆሻሻችንም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ያኔ ገበሬዎቹን «ልማት አደናቃፊ» ያላችሁ ነበራችሁ። መንደራቸውን የጠበቁት ግን እነሱ ናቸው። ሌላው ሰው የእናንተን ቆሻሻ የመቀበል ግዴታ ያለበት ከመቼ ወዲህ ነው? ከዚያ ሐዘን በኋላ በከተማው አስተዳደር ምን ተለወጠ ብዬ የምጠይቅበት ሌላ ቀን አለኝ። ዛሬ የምጠይቀው በእናንተ ጓዳ ምን ተለወጠ ብዬ ነው። አንድ ማዳበሪያ ነበራችሁ፤ ዛሬም ያው አንድ ማዳበሪያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ የዝናብ ብልጠታችሁ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጠብቃችሁ፣ ዶፍ ሲወርድ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ወጥታችሁ ጎርፍ ላይ ትለቁታላችሁ። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ፌስታል የምትወረውሩም ዘመዶቻችሁ ናችሁ። ጎርፉ የት እንደሚወስደው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ቱቦውን ይደፍናል፤ የተደፈነው ቱቦ ውኃውን መልሶ ወንዝ ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሚኖረው ሰው አልጋ ሥር ያስገባል። ቱቦ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው በአካፋ የሚያወጡትም እነዚያው የምትንቋቸው ሰዎች ናቸው። የቀረው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንቲይቀቱ አድርጎ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። በዚያ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላል፤ በውኃውና በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ያን ጎመን ትገዛላችሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ብላችሁ የለቀቃችሁት ቆሻሻ አድራሻችሁን አልረሳም።

የፌስታል ነገርማ አፍ ያስይዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው? ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አዋጅ ጸድቆ ፌስታል ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ተደነገገ። ሁለት እንቁላል ስትገዙ ፌስታል፣ ለአንድ ሎሚ ፌስታል፣ ባለሱቁ ካልሰጣችሁ ኩርፊያ። እናቶቻችሁ ዘንቢል ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር፤ ዘንቢሉ ዛሬም ይሸጣል፣ እጃችሁ ነው የከበደው። በየሜዳው የሚግጠው ከብት ያን ፌስታል ይውጠዋል፤ ሲታረድ ከጨጓራው ተጠቅልሎ የሚወጣውን ባለሥጋ ቤቶችን ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷችኋል፤ እሱን በቃል ታውቁታላችሁ። አንቀጽ 92 ግን አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ ነው ይላል። ወደዚያ ገጽ አልደረሳችሁም መሰለኝ።

በበዓል ማግስት መንገድ ላይ ስለምትጥሉት የበግ ቆዳም አንድ ነገር ልበል። ቆዳ ገዢ በየበሩ ይለምን የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ ዋጋው ወድቆ የሚወስደው ጠፍቷል፤ ይገባኛል። የሚገዛው ሰው መጥፋቱ ግን ጎረቤት ደጃፍ ለመወርወር ፈቃድ አይሆንም። ጨው ነስንሶ የሚሰበስብ ሰው እስኪገኝ ማቆየት፣ ካልተገኘም ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ ማስረከብ ያቅታል?

«እኔ ከውኃ ሂሳቤ ጋር የቆሻሻ እከፍላለሁ» የምትሉኝን እሰማለሁ። ትከፍላላችሁ። የከፈላችሁት ቆሻሻው እንዲነሳ ነው፤ አንሺውን ለመናቅ የተከፈለ ሳንቲም ደረሰኙ ላይ የለም። ያም ክፍያ ቱቦ ውስጥ የጣላችሁትን፣ ወንዝ ላይ የለቀቃችሁትን አይጨምርም። ደንብ አስከባሪ ሲያያችሁ ብቻ ገንዳ የምትፈልጉ ሰዎች ስለ ክፍያ ባታወሩ ይሻላችኋል። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ!

ይህን ሁሉ የምላችሁ ሥራው ቀላል ስለሆነ ነው። እድር አላችሁ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ጭልፋ ገዝታችሁ፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ መርጣችሁ፣ የቀረውን አባል የምትቀጡ ሰዎች ናችሁ፤ መደራጀት አታውቁም ማንም አይላችሁም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዙ። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ማዳበሪያ ይኑረው፣ አንዱ ለእርጥቡ፣ ሌላው ለደረቁ። ብርጭቆና መርፌ ለብቻው ይቀመጥ። ከእድሩ ገንዘብ ለሰፈራችሁ የማኅበር ልጆች ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ይገዛላቸው፤ ሲጨርሱ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውኃና ሳሙና በአንድ አባል ደጃፍ ይቀመጥ። ስማቸውንም ጠይቁ፤ ስም አላቸው። የቦታ ስፋት ያላችሁ ለእርጥቡ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብስባሹን ለሰፈሩ ችግኝ አውሉት። የእድራችሁ ዳኛ ተነሥተው «ይህ የእድር ጉዳይ አይደለም፣ እድር ለሐዘን ነው» ያሏችሁ እንደሆነ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ረጲ ላይ ስንት ድንኳን እንደተተከለ ጠይቋቸው።