ሀዲስ ዓለማየሁን በእግር ማንበብ

የደራሲ መታሰቢያ በተነሳ ቁጥር ቶሎ የሚታሰበን ሐውልት ነው፤ ካልሆነም ቤተ መዘክር። ለሀዲስ ዓለማየሁ ግን ከሁለቱም መቅደም ያለበት በተወለዱበት አገር፣ በአስጎብኚ እየተመሩ፣ እየተነበበ የሚሄድ የእግር ጉዞ ነው። የተወለዱበት እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከደብረ ማርቆስ ብዙ አይርቅም። በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጮቄ አለ። ክልሉ ሰላም አግኝቶ መንገደኛ ያለ ስጋት የሚመላለስበት ጊዜ ሲመጣ ለመጀመር፣ ዝግጅቱ ከወዲሁ ይታሰብበት።

በመጀመሪያ አስጎብኚው ደራሲውንና ገጸ ባሕርዩን አያምታታ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ማንኩሳ ደግሞ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ፍቅረኛውን ሰብለ ወንጌልን ያስተማረበት ዲማ በሌላ አቅጣጫ፣ በቢቸና በኩል ይገኛል። እንዶዳም ላይ ቆሞ «በዛብህ እዚህ ተወለደ» ያለ አስጎብኚ፣ መጽሐፉን የሚያውቅ እንግዳ ከዚያ በኋላ የሚነግረውን አያምነውም። እንዶዳም የሚያሳየን የሀዲስን ልጅነት ነው፤ በኋላ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰመው ልጅ የተነሳበትን አገር።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙ ሰው ግን መጽሐፉን ከማንበቡ በፊት በራዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የሰማው። ስለዚህ ጉዞው ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል፤ የአካባቢው ተወላጅ ቢሆን ይመረጣል። ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አቋቋምን ማወቅ ነው። አንባቢው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ቢቆም ድምፁ ወደ ሰሚው ይሄዳል። ተዳፋት ላይ ከሆነ እሱ ከታች፣ ሰሚዎቹ ከላይ ይቀመጡ፤ ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋን በጀርባቸው ያድርጉ። አንድ ንባብ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። ከዚያ ሲያልፍ ሰው ስልኩን ማውጣት ይጀምራል፤ ይህም የሰሚው ጥፋት አይደለም።

ከ12 ሰው በላይ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ሰልፉ ሲረዝም የኋላው የፊቱን አይሰማም። ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ሜትር፣ አምስት ማረፊያ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይበቃል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከፍታው አያስቸግረውም፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአውሮፓ ቆላ የመጣ ግን ደብረ ማርቆስ አንድ ሌሊት ይደር። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መሬቱ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ግን አዝመራው ያልታጨደ ነውና በድንበሩ ላይ እንጂ በማሳው መሐል መሄድ ነውር ነው። ይህን አስጎብኚው ከመነሳቱ በፊት ይናገር፤ ገበሬው ከተቆጣ በኋላ ቢናገረው አይጠቅምም። ቅዳሴ ባለበት ሰዓት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ንባብ አይኖርም።

አንዱ ማረፊያ የቆሎ ተማሪ ይሁን። ተማሪው ስለሚለብሰው ደበሎና የለመነውን ምግብ ስለሚይዝበት አኩፋዳ ማውራት ብቻውን አይበቃም፤ አኩፋዳውን በእንግዳው እጅ ማስያዝ ነው። በጠባብ አፉ ሲያዩት፣ ከዚህ ቤት የተገኘ የእንጀራ ቁራሽ ከዚያ ቤት ከተገኘው ጋር ተቀላቅሎ፣ ደርቆ ኮቸሮ ሆኗል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆም፣ ውሻ የሚያባርረው ልጅ ራቱን ከዚህ ነው የሚያወጣው። በዛብህን ለመረዳት ይህ ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጣል።

የመጨረሻው ማረፊያ ለቅኔ ይተው። የአካባቢው መሪጌታ ሁለት ቤት ያላት አንዲት ጉባኤ ቃና ይበሉ፤ ክፍያቸውም አስቀድሞ ተነጋግረው የሚሰጥ ይሁን። መጀመሪያ ግዕዙ ሁለት ጊዜ ይሰማ፣ ቀጥሎ ሰሙ ይፈታ። ወርቁን አስጎብኚው ቸኩሎ አይንገር፤ እንግዶቹ እየተከራከሩ ይፈልጉት፣ መሪጌታው እስኪያርሟቸው ድረስ።