ስደተኛውን ለደላላ የምናመቻቸው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ በስደተኛ የሚነግደው አረመኔ ሊቢያ በረሃ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለናል። በሊቢያዋ ቤኒ ወሊድ ከተማ የሚገረፈውን ልጅ በስልካችን አይተን እናለቅሳለን፤ ለማስለቀቂያውም እናዋጣለን። ልጁ እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን የት ነበር? ከግቢያችን ተከራይቶ፣ ከሱቃችን ተቀጥሮ የኖረ ብዙ ነው።

ጎፋ ወይም ጀሞ ውስጥ ኤርትራዊ ስደተኛ ቤት ሲጠይቅ ኪራዩ ለምን ይጨምራል? «ዘመድ ከውጭ ይልክላቸዋል» ትላላችሁ። የማይላክለትስ? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአዲስ መጪዎች በስደተኝነት መመዝገብ አዳጋች ስለሆነ ወረቀት የሌለው ብዙ ነው፤ አከራዩም አሠሪውም ይህንን አሳምረው ያውቃሉ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ሳህን አጥባ፣ ወለል ወልውላ፣ ወሩ ሲሞላ ደመወዟን ስትጠይቅ «ሂጂና ክሰሺ፣ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» የሚላት ሰው ራሱን ከነጋዴው በምን ይለያል? «ተስማምታ ነው የገባችው» አትበሉኝ። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የተበዳይን ፈቃድ ለበዳዩ መከላከያ አያደርግለትም።

ደላላው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ላቧ የተበላባትን፣ ከቤት ውጪ የተባለችውን እየመረጠ ይቀርባል። «አሁን ምንም አትከፍይም፣ ስትደርሺ ነው» ይላታል። ዕዳው በረሃ ላይ በጅራፍ እንደሚጠየቅ፣ እናቷ የልጇን ጩኸት በስልክ እየሰማች መሬት እንደምትሸጥ አይነግራትም። እምቢ እንድትል የሚያስችላት ደመወዟ ነበር፤ እርሱን ወስደንባታል።

ሱዳናውያንንም አስቡ። በ1977ቱ ረሃብ የእኛ ሰዎች ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተሰድደዋል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹትም እዚያው ሱዳን፣ ሐምዳይትና ኡም ራኩባ ካምፖች ተጠልለዋል። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ እነርሱ በተራቸው በመተማ በኩል መጡ። አማራ ክልል ውስጥ በነበሩት ኩመርና አውላላ ካምፖች ግን ተዘረፉ፣ ለገንዘብ ታገቱ። ሚያዝያ 2016 ላይ በሺዎች የሚቆጠሩት ልጆቻቸውን ይዘው ከካምፕ ወጥተው ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። አካባቢው ውጊያ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ የአገሬውም ሰው ይታገታል። የአገሬው ሰው ሲታገት ግን የሚጮህለት ዘመድ፣ የሚሸመግልለት አባት አለው። ሱዳናዊው ማን አለው? በ1977 ያስጠጋን ሕዝብ ልጅ አይደለምን?

ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም የተባለው የሰው ነጋዴ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘው እንዴት ነበር? ሊቢያ ውስጥ ያሠቃየው ሰው መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ ስለጠቆመ ነው። በዓመቱ ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ ዳግም እስኪያዝም ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ደፍሮ የጠቆመው የተገረፈው ሰው ነው። ቤቱን የሚያከራይ፣ መኪናውን የሚያኮናትር፣ ገንዘቡን የሚያስተላልፍ የእኛ ሰውስ? ሌሊት ሰው የሚራገፍበትን፣ መስኮቱ ቀን ከሌት የማይከፈተውን ቤት እያየን «ምን አገባኝ» ብለን እናልፋለን።

ያገባሃል፣ አከራይ! ውሉን በጽሑፍ አድርግ፤ ለጎረቤቱ በምታከራይበት ዋጋም አከራየው። አሠሪ ሆይ፣ የያዝከውን ደመወዝ ዛሬውኑ ክፈል፤ መታወቂያውንም ቀምተህ ከሆነ መልስለት። ሰው የታገተበትን ቤት የምታውቁም፣ ሰዎቹ በጭነት መኪና ተጭነው ሳይወጡ ለፖሊስ ተናገሩ።