ተዉት፣ ይጨርስ!

የሰሜን ሸዋ ሰዎች ሆይ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት፣ የሚንተባተብ ልጅ ፊት የምናሳየው ጠባይ ያሳፍራል።

ልጁ እንግዳ ሊያስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይቆማል። ስሙን ይጠየቃል። «አ-አ-አ...» ብሎ ይያዛል። ዐይኑ ይጨፈናል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። አጎት «ቶሎ በላ!» ይላል። ጎረቤት ቃሉን ነጥቃ ትጨርስለታለች። ታላቅ ወንድሙ ያስመስልበታል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ምን ያስቃል?

«ደንግጦ ነው» ትላላችሁ። «እናቱ አሞላቅቃው ነው» ትላላችሁ። (መቼም ጥፋት ሁሉ እናት ላይ ነው።) ኧረ ተዉ! ለመናገር ትንፋሽ፣ ጉሮሮ፣ ምላስና ከንፈር እኩል መናበብ አለባቸው። የሚያናብባቸው አንጎል ነው። በሚንተባተቡ ልጆች አንጎል ውስጥ፣ በተለይ በግራ በኩል፣ መስሚያውን ከመናገሪያው ጋር የሚያገናኘው የነርቭ መስመር ደከም ያለ መሆኑ በምስል ምርመራ ታይቷል። «የሚቀጥለውን ድምፅ አሁን ጀምር» የሚለው ምልክትም ሰዓቱን ይስታል። ልጁ የሚለውን አሳምሮ ያውቀዋል። በዘርም ይወረሳል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ሦስት ዘረመሎች አግኝተዋል። ቁጣችሁ አላመጣውም፣ ግን ያባብሰዋል።

ካላመናችሁ የኔታ ዘንድ ሄዳችሁ አድምጡ። ያው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር «ሀ ሁ ሂ» ሲል ወይ መዝሙር ሲያዜም አብዛኛውን ጊዜ አይያዝም። ብቻውን ተነሥ ሲባል ይያዛል። አብሮት የሚል ሰው ሲኖር አንጎሉ የጎደለውን ምት ከዚያ ያገኛል። ስንፍና ቢሆን ዜማ ላይ ይለቀው ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉን ያገኛል፤ ከአራቱ ሦስቱን ያህል እያደጉ ይለቃቸዋል። ስለዚህ አትሸበሩ። ዓመት ካለፈው፣ መናገር ከፈራ ወይም በቤተሰቡ የሚንተባተብ ካለ ግን ሐኪም አማክሩ። እስከዚያው ራሳችሁ ረጋ ብላችሁ አውሩ፣ ዐይኑን እያያችሁ ጠብቁት። «ተንፍስና ተናገር» የሚለውን ምክርም ለራሳችሁ ያዙት።

መምህራን፣ እናንተም አላችሁበት። ክፍሉ እስኪስቅበት አስነሥታችሁ አታቁሙት። ተራው ሲደርስ ከጎኑ ያለው ልጅ አብሮት ያንብብ።